ልጅዎን ከማስመዝገብዎ በፊት፤ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ የሕፃናት ማቆያን ፈቃድ፣ የቁጥጥር መዝገብና ጥራት የመመርመር መመሪያ

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጅ የምናውልበት ቦታ ስንፈልግ መጀመሪያ የምናነሣው ስልክ ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ የምናውቃት፣ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች እኅት ትጠየቃለች፤ እሷም «እኔ ያስገባሁበት ጥሩ ነው፤ ሴትዮዋ ሰው ናት» ትላለች፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። የመካሪዋ ቃል ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን እሷ ያየችው ጠዋት ልጇን ስታስረክብና ማታ ስትረከብ ያለውን ጥቂት ደቂቃ ነው። በመካከል ባሉት ሰዓታት ሳይታሰብ ገብቶ ሕፃናቱን የቆጠረ፣ የመድኃኒት ሳጥኑን ከፍቶ የመረመረ፣ የሠራተኞቹን ፋይል ያገላበጠ ሌላ ሰው፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ አለ፤ እሱም ያየውን ጽፎ ማንም ሊያነበው በሚችል መዝገብ ላይ አስቀምጦታል። ይህ መመሪያ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ ያላቸው ወላጆች ያን መዝገብ እንዴት እንደሚያገኙና እንደሚያነቡ፣ ከዚያም መዝገቡ የማይናገረውን በዓይናቸው እንዴት እንደሚያረጋግጡ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

1. ቦታው በየትኛው ሕግ ሥር እንደሚተዳደር ይለዩ

«ደይኬር» ወይም «ፕሪስኩል» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አያስረዳም። በአንድ መንገድ ላይ አንዱ ሙሉ ፈቃድ ያለው ማዕከል፣ ሁለተኛው በግለሰብ መኖሪያ ቤት የሚሠራ ማቆያ፣ ሦስተኛው ከፈቃድ ነጻ የተደረገ የሃይማኖት ተቋም፣ አራተኛው የሕዝብ ትምህርት ቤት የፕሪ-ኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለ) ክፍል ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቁትም መስፈርት የተለያየ ነው።

በቨርጂኒያ ፈቃድ የመስጠትና የመቆጣጠር ሥልጣን ከጁላይ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ወደ ግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤት ቢመራዎ አይከተሉት። በሜሪላንድም ሥራውን የያዘው የግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ በዲሲ ደግሞ በአጭሩ ኦሲ እየተባለ የሚጠራው የትምህርት የበላይ ተቆጣጣሪ ቢሮ ነው።

በቨርጂኒያ ለሚኖሩ አንድ ነገር በተለይ ላሳስብ። በሃይማኖት ተቋም የሚተዳደር ማዕከል የተወሰኑ ማስረጃዎችን በየዓመቱ እያቀረበ ከፈቃድ ነጻ ሆኖ መሥራት ይችላል። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ቦታው መጥፎ ነው ማለትም አይደለም፤ ሆኖም ፈቃድ ያለው ማዕከል የሚገደድባቸው ብዙ መስፈርቶች በእሱ ላይ ስለማይጸኑ፣ የሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ «የዚህኛው ጥፋት አነስተኛ ነው» ማለት ያሳስታል። ያልተመዘነ ነገር ጉድለቱ አይታይም።

በመኖሪያ ቤት የሚሠሩትን በተመለከተ፣ በቨርጂኒያ አንዲት አሳዳጊ የራሷንና በቤቷ የሚኖሩትን ሳይጨምር አምስትና ከዚያ በላይ ሕፃናት የምትይዝ ከሆነ የግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ጣሪያውም 12 ነው። ከዚያ በታች የምትይዝ ከሆነ እንደ ካውንቲው ይለያያል፤ ለምሳሌ በፌርፋክስ ካውንቲ እስከ አራት ልጅ ለመያዝም የካውንቲው ፈቃድ ይጠየቃል። በሜሪላንድ መደበኛ የመኖሪያ ቤት ማቆያ ቢበዛ ስምንት ሕፃናት የሚይዝ ሲሆን፣ ተጨማሪ ረዳት ከሌለ ከመካከላቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑት ከሁለት መብለጥ የለባቸውም።

ከእኛ ሴቶች መካከል ይህን ሥራ በትጋትና በንጽሕና የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው፤ ልጁ አማርኛ እየሰማ፣ እንጀራ እየበላ መዋሉም ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የአገር ልጅነት በፈቃድ ቦታ አይቆምም። «እትዬ፣ ፈቃድዎን ባየው ደስ ይለኛል» ማለት እንደ ስድብ መቆጠር የለበትም፤ ፈቃድ ያላት ሴት ሳትጠየቅ ታሳያለች።

የዲሲ ነዋሪዎች ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነጻ የፕሪ-ኬ ክፍል ማግኘት እንደሚችሉ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦችም ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራውን ሄድ ስታርት የተባለውን የፌዴራል ነጻ መርሐ ግብር መጠየቅ እንደሚችሉ ሳይዘነጋ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ምክር በዋናነት ፈቃድ ያላቸውን ማዕከሎችና የመኖሪያ ቤት ማቆያዎች ይመለከታል።

2. ፈቃዱን ራሱን ያንብቡ

ፈቃድ መኖሩን ብቻ አይቶ ማለፍ አይበቃም። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስምና አድራሻ ልጅዎ የሚውልበት ቦታ መሆኑን፣ የተፈቀደው የሕፃናት ብዛትና የዕድሜ ክልል ልጅዎን የሚያካትት መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት የአንዱን ቅርንጫፍ ጥሩ ስም ለሌላው ሲያበድር ይታያል፤ ፈቃዱ ግን የሚሰጠው ለየቦታው ነው።

በቨርጂኒያ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ቃላት አሉ። «ኮንዲሽናል» የተባለ ፈቃድ አዲስ ለተከፈተ ቦታ መስፈርቱን እያሟላ መሆኑን እስኪያሳይ የሚሰጥ ነው፤ የጥፋት ምልክት አይደለም። «ፕሮቪዥናል» የተባለው ግን ሲሠራ ቆይቶ መስፈርቱን ለጊዜው ማሟላት ላቃተው ቦታ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ይህን ቃል ካዩ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ።

3. የቁጥጥር መዝገቡን ቢያንስ የሦስት ዓመት ያንብቡ

በ2014 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የፌዴራል የሕፃናት እንክብካቤ ሕግ፣ ግዛቶች የቁጥጥር ውጤቶችንና የተረጋገጡ አቤቱታዎችን ለሕዝብ በሚገባ መልኩ በኢንተርኔት እንዲያወጡ ያስገድዳል። በቨርጂኒያ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት እንክብካቤ ድረ ገጽ፣ በሜሪላንድ ቼክ ሲሲኤምዲ የተባለው ገጽ፣ በዲሲ ደግሞ የኦሲ የሕፃናት ማቆያ መፈለጊያ ገጽ ለዚሁ ያገለግላሉ። የቦታውን ስም ወይም ዚፕ ኮድ አስገብተው ይፈልጉ፤ በስም ካልተገኘ በአድራሻ ይሞክሩ፤ በበሩ ላይ የተለጠፈው የንግድ ስም ፈቃዱ ላይ ካለው ስም የሚለይበት ጊዜ አለና። በቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ቦታ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚጎበኝ ሲሆን ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ሳይነገር የሚደረግ ነው፤ ስለዚህ የሦስት ዓመት መዝገብ ቢያንስ ስድስት ጉብኝት ሊያሳይዎ ይገባል።

አሁን ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ እሱም ጥፋቶቹን መቁጠር ነው። ለሴት ልጄ ቦታ ስፈልግ ሁለት ማዕከሎች ቀርተውኝ ነበር። የአንደኛው መዝገብ በሦስት ዓመት ውስጥ 14 ጥፋት ያሳይ ነበር፤ የሁለተኛው ሁለት ብቻ። ባለቤቴ የሁለተኛውን ቅጽ መሙላት ጀምራ ነበር። ማታ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ስናነበው፣ ከ14ቱ አብዛኞቹ ጊዜው ያለፈበት የጤና ቅጽ፣ የጎደለ ፊርማ፣ ያልተመዘገበ የስልክ ቁጥርና የመሳሰሉት ሆነው ተገኙ፤ ሁሉም በቀጣዩ ጉብኝት ተስተካክለዋል፤ አንዱም አልተደገመም። የሁለተኛው ሁለት ጥፋቶች ግን አንድ ዓይነት ነበሩ፦ ልጅ በመጫወቻ ሜዳ ያለ አስተማሪ መቅረት፤ በመካከላቸው ስምንት ወር ብቻ። ልጃችንን ያስገባነው 14 ወዳለው ነው።

ስለዚህ ሲያነቡ ጥፋቱን በክብደቱ ይለዩ። ከፍተኛ ክብደት የሚሰጣቸው ሕፃናትን ያለ ጠባቂ መተው፣ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ በአንድ አስተማሪ ሥር ማድረግ፣ የወንጀል ታሪክ ምርመራው ያላለቀ ሠራተኛን ከሕፃናት ጋር ማሰማራት፣ መድኃኒትን ያለ ወላጅ ፈቃድ ወይም ከመጠን በላይ መስጠት፣ በረኪናና ሌላ መርዛማ ነገር ልጅ በሚደርስበት ማስቀመጥ፣ ልጅን መምታት ወይም ማዋረድ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ አንድ ጊዜ ቢገኝ ማብራሪያ ይጠየቅበታል፤ ሁለት ጊዜ ቢገኝ ለእኔ በቂ መልስ ነው።

ሪፖርቱ ውስጥ የሚያጋጥሙ ጥቂት ቃላትን ማወቅ ያግዛል። «ቫዮሌሽን» የተገኘው ጥሰት ነው። «ሪፒት ቫዮሌሽን» ቀድሞ ተነግሮ የተደገመ ጥሰት ነው፤ መዝገቡን ሲከፍቱ በመጀመሪያ የሚፈልጉት ቃል ይህ ይሁን። «ፕላን ኦፍ ኮሬክሽን» ማዕከሉ ራሱ ጥፋቱን እንዴት እንደሚያርም የጻፈው ነው፤ ከዚህ ላይ የአስተዳዳሪውን ጠባይ ማንበብ ይቻላል። «ሠራተኞችን አስጠንቅቀናል» ብቻ የሚልና «የበሩን መቀርቀሪያ ለውጠናል፤ ከሜዳ ሲመለሱ ስም እየተጠራ ይቆጠራሉ» የሚል እኩል አይደሉም። በአቤቱታ ምክንያት የተደረገ ጉብኝት ከመደበኛው ተለይቶ ይጻፋል፤ ማስረጃው አቤቱታውን መደገፉን ወይም አለመደገፉን ይመልከቱ፤ ያልተረጋገጠ አቤቱታ ከተቀየመ ሠራተኛም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን አይፈረድበትም።

ባዶ መዝገብም ንጹሕ መዝገብ ላይሆን ይችላል። ቦታው ገና በመከፈቱ፣ ባለቤት ወይም ስም በመለወጡ ምክንያት የቀድሞው ታሪክ በሌላ ስም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ይህን ከጠረጠሩ በአድራሻው ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውለው «በዚህ ቦታ ከዚህ በፊት ፈቃድ የነበረው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ ልጅ ወይም ዘመድ ማስቸገር የለብዎትም፤ ነጻ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በተለይ በዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይበቃቸው ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያስተናግዱ የሚያስገድድ ሲሆን፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው።

4. የጥራት ደረጃውን ከፈቃዱ ለይተው ይመልከቱ

ፈቃድ የሚናገረው ዝቅተኛው መስፈርት መሟላቱን ነው፤ ትምህርቱ ጥሩ መሆኑን አይናገርም። ለዚህ ሌላ መለኪያ አለ። ሜሪላንድ ኤክሴልስ በሚባል ሥርዓት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣል፤ ዲሲ ካፒታል ኳሊቲ የሚባል የራሷ ምዘና አላት፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ቪኪውቢ 5 በሚባለው ሥርዓት የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ቦታዎችን ትመዝናለች፤ በዚህም በክፍል ውስጥ አስተማሪና ልጅ እንዴት እንደሚነጋገሩ በታዛቢ ይታያል። ከዚህ ሌላ ኔይሲ በሚባለው አገር አቀፍ የሙያ ማኅበር በፈቃደኝነት ዕውቅና የሚያገኙ ማዕከሎች አሉ።

ደረጃው ዝቅተኛ የሆነ ቦታ ሁሉ ደካማ አይደለም፤ በተለይ በመኖሪያ ቤት የሚሠሩ ሴቶች የወረቀቱን ብዛት አይተው በታችኛው ደረጃ ይቆያሉ። ከደረጃው ቁጥር ይልቅ የተሰጠበትን ዓመት እይ እላለሁ፤ ሁለት ዳይሬክተር ከመለወጡ በፊት የተገኘ ደረጃ ለዛሬው ክፍል ብዙም አይመሰክርም።

5. ቦታውን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ ሰዓታት ይጎብኙ

የመጀመሪያውን ጉብኝት በቀጠሮ፣ ከረፋዱ በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ገደማ ያድርጉት፤ ይህ ሁሉም ነገር ያማረበት ሰዓት ነው። ሁለተኛውን ግን ወደ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ያድርጉት። ሠራተኞች ፈረቃ የሚለዋወጡበት፣ ክፍሎች የሚቀላቀሉበት፣ የተዳከመ ልጅ የሚያለቅስበትና ለአንድ አስተማሪ የሚፈቀደው የልጆች ቁጥር የሚጣሰው በዚህ ሰዓት፣ በማለዳ መክፈቻና በምሳ ዕረፍት ነው። በሆስፒታል፣ በሆቴል ወይም በአየር ማረፊያ በፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች ልጃቸው የሚቆየው በእነዚሁ ሰዓታት ስለሆነ የእነሱ ጉብኝት በእነዚሁ ላይ ማተኮር አለበት።

እንደገቡ ይቁጠሩ። በሜሪላንድ ማዕከሎች የሁለት ዓመት ልጆች ለአንድ አስተማሪ ቢበዛ ስድስት፣ በአንድ ቡድንም ቢበዛ 12 ሲሆኑ፣ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ለአንድ አስተማሪ 10፣ በቡድን 20 ናቸው። ቨርጂኒያና ዲሲ የራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ከመሄድዎ በፊት ከፈቃድ ሰጪው ገጽ ይያዙት። ሲቆጥሩ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን አዋቂዎች ሁሉ ሳይሆን ከልጆቹ ጋር ያሉትን ብቻ ይቁጠሩ፤ ምግብ የምታሞቅ ወይም ስልክ የምታነሣ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ልጅ አትጠብቅም።

ከዚያ ያዳምጡ። አስተማሪዋ የምትናገረው «ቁጭ በል፣ አትንካ፣ ተሰለፍ» ብቻ ነው ወይስ ልጁ የሠራውን አይታ ትጠይቀዋለች? ለመናገር ወደ ልጁ ዝቅ ትላለች ወይስ ከክፍሉ ማዶ ትጮኻለች? የልጆቹን ስም በትክክል ለመጥራት ትሞክራለች? የልጅዎን ስም ነግረዋት ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንዴት እንደምትጠራው ማየት ከማንኛውም ብሮሹር የበለጠ ያስረዳል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች ሃያውም አንድ ዓይነት ከሆኑ አዋቂ የቆረጠውን ልጅ እየለጠፈ ነው ማለት ነው።

የደኅንነት ምርመራውን ከልጅ ቁመት ያድርጉት፤ አፍሬ አላውቅም፣ ተንበርክኬ ነው የማየው። ሶኬቶቹ ተሸፍነዋል? ወደ ውጭ የሚወስደው በር ያለ አዋቂ ይከፈታል? ልጆቹ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡና ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ? በመጫወቻ ሜዳ ከሸርተቴውና ከዥዋዥዌው በታች ያለው ምንድን ነው? የፌዴራሉ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን መወጣጫዎች ቢያንስ በ6 ጫማ፣ ማለትም በ1 ሜትር ከ80 ያህል ዙሪያ ለስላሳ መውደቂያ እንዲኖራቸው ይመክራል፤ ሣርና ጠንካራ አፈር እንደ ለስላሳ አይቆጠሩም። የእንጨት ፍርፋሪ የተነጠፈ ከሆነ በእግርዎ ገፋ አድርገው ጥልቀቱን ይዩ፤ ልጆች ሁልጊዜ በሚወርዱበት ቦታ ፍርፋሪው ተገፍቶ ባዶ መሬት መቅረቱ የተለመደ ነው።

6. ከኃላፊዋ ጋር ሲቀመጡ የሚጠይቁት

ጥያቄዎቹን ጽፈው ይሂዱ። ከመዝገቡ ያገኙትንም አይደብቁ፤ «በባለፈው ዓመት ጉብኝት ይህ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩ ኃላፊ ትንሽ ትደነግጥ ይሆናል፤ ከዚያ ግን ዝርዝሩን ትነግርዎታለች። «ተቆጣጣሪዋ ክፉ ናት» የሚል መልስ ከሰጠች ያስተውሉ።

ሠራተኞቿ በአማካይ ስንት ዓመት እንደቆዩ ይጠይቁ። በዓመት ሦስት አስተማሪ የሚለዋወጥበት ክፍል ልጅን ሦስት ጊዜ ያስለቅሳል፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። የሠራተኞች የወንጀል ታሪክ ምርመራ አሻራን ጨምሮ መጠናቀቁንና በየአምስት ዓመቱ መታደሱን፣ በክፍሉ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት ሲፒአር (ልብና ትንፋሽ ሲቆም የሚደረግ እርዳታ) እና የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሰው መኖሩን ያረጋግጡ። ልጅዎ የኦቾሎኒ ወይም የሌላ ምግብ አለርጂ ካለው ኤፒፔኑ (ለከባድ አለርጂ የሚወጋው መድኃኒት) የት እንደሚቀመጥ አሳዩኝ ይበሉ፤ በቃል ሲገለጽ አይቀበሉ። ከእርስዎ ሌላ ማን ልጁን ሊወስድ እንደሚችል የሚመዘገብበትን ቅጽና የማያውቁት ሰው ሲመጣ መታወቂያ መጠየቃቸውን ይጠይቁ፤ በእኛ ዘንድ «አጎቱ ነኝ» የሚል ብዙ ነውና።

ቅጣትን በተመለከተ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። በሦስቱም ቦታዎች ፈቃድ ባለው ማቆያ ልጅን መምታት፣ መቆንጠጥና ምግብ መከልከል የተከለከለ ነው። ብዙዎቻችን በቁንጥጫ ያደግን ስለሆንን፣ አሳዳጊዋ እንደ እናት የምናከብራት ሴት ስትሆን «እንደ ልጅዎ ይቅጡት» ማለት ይቀናናል። ይህ ቃል ለእሷም አደጋ ነው፤ ፈቃዷን ሊያሳጣት ይችላል።

ስለ ምግብ ሳምንታዊውን ዝርዝር ይጠይቁ። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ልጅ ምን እንደሚሰጠው በጽሑፍ ይስማሙ። በጾም ጉዳይ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች በልማዳችን ስለማይገደዱ ችግር አይገጥምም፤ ቤተሰቡ ግን የወተት ምትክ ከፈለገ የፌዴራል የምግብ ድጎማ በሚቀበሉ ቦታዎች በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል።

7. ካስገቡ በኋላ ያለው አንድ ወር

የፌዴራል ድጎማ በሚቀበሉ ቦታዎች ወላጅ ልጁ በዚያ ባለበት ሰዓት ሁሉ ያለ ቀጠሮ የመግባት መብት አለው። በመጀመሪያው ወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቀደም ብለው ይሂዱ፤ በር ላይ ጠብቁ ተብለው ልጁ ወደ እርስዎ የሚመጣ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ልጁ ተጎድቶ ከመጣ የአደጋ ሪፖርት በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማን እንደነበረ ያረጋግጡ፤ የቁስሉን ፎቶ ያንሡ።

ቅሬታ ሲኖር መጀመሪያ ለኃላፊዋ፣ ካልተስተካከለ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያመልክቱ። ድብደባ ወይም ሌላ በደል ከጠረጠሩ ግን ኃላፊዋን ሳይጠብቁ ለሕፃናት ጥበቃ አገልግሎት፣ አደጋው በዚያው ሰዓት ከሆነም ለ911 ይደውሉ።

ልጁን ለማውጣት ከወሰኑ ውሉ ላይ ስንት ሳምንት አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚጠይቅና ቅድሚያ የከፈሉት ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ ይዩ፤ ከመውጣትዎ በፊትም የክትባትና የጤና ቅጹን ቅጂ ይቀበሉ፤ ቀጣዩ ቦታ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።